ጭፈራው ቀረ፤ ድራማውስ የት ገባ?

«ከጥንት ከአባቶቻችን የወረስነው» የሚል ተራኪ ያለበት የውዝዋዜ ቪዲዮ ባጋጠመኝ ቁጥር ጣቴ ወደ መዝጊያው ይሮጣል። ጭፈራውን ጠልቼ አይደለም። ጭፈራው ያምራል፤ ልጆቹም ላባቸው እስኪንጠፈጠፍ ነው የሚሠሩት። የማላምነው «ከጥንት» የምትለዋን ቃል ነው።

እስቲ አዳማ ላይ የባህል ምሽት ካላቸው ሆቴሎች ወደ አንዱ ቅዳሜ ማታ ግቡ። ስድስት ወይ ስምንት ወጣቶች አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው፣ ተሰልፈው፣ ፊታቸውን ወደ እናንተ አዙረው ይወጣሉ። ትንሽ እስክስታ፤ ጓዳ ገብተው ልብስ ይቀይሩና ጉራጌኛ፤ ደግሞ ይገቡና ወላይትኛ፤ ከዚያ ኦሮምኛ፣ እሱም ራሱ ተሸንሽኖ የሸዋ ረገዳ፣ የሐረርጌ ሽጎዬ፣ የአርሲ። እያንዳንዱ ከአንድ ዘፈን ርዝመት አይበልጥም። ሲጨርሱ ጎንበስ ብለው እጅ ይነሳሉ፤ እናንተም ታጨበጭባላችሁ።

አሁን ደግሞ እኔ ባደግኩበት በአቦምሳ ሰርግ ቤት ግቡ። ጭፈራው ፊት የለውም። ሰው ክብ ሠርቶ ወይም ሁለት ረድፍ ሆኖ የሚያየው እርስ በርሱን ነው። ሴቶቹ አንገታቸውን ሰብቀው ጸጉራቸውን ሲወረውሩት ለካሜራ አይደለም፤ ፊት ለፊት ለቆመው ሰው ነው። ጭፈራው መቼ እንደሚያልቅ የሚያውቅ የለም፤ የደከመው ይወጣል፣ ያረፈው ይገባል። ተመልካች የሚባል ነገርም የለም፤ ቆሞ የሚያይ ካለ ወይ አዝኗል ወይ ተጣልቷል።

በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሆነ ጊዜ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አስቧል። ክቡን የቆረጠው፣ ረድፉን ወደ ታዳሚ ያዞረው፣ ሦስት ሰዓቱን ወደ አራት ደቂቃ ያሳጠረው፣ ከሃያ እንቅስቃሴ አምስቱን የመረጠው ሰው አለ። ያ ሰው ስም አለው። ሥራውንም የሠራው በሆነ ዓመት፣ ለሆነ መድረክ፣ ብዙ ጊዜም ለሆነ ድራማ ነው። እኛ ግን ስሙን ጥለን፣ ዓመቱን ጥለን፣ ድራማውን ጥለን የቀረውን «ጥንታዊ» አልነው። ይሄ ባህል ማክበር ነው እንዴ?

ነገሩን ከሥሩ እናንሳው። የሀገር ፍቅር ማኅበር የተቋቋመው በ1927 ዓ.ም. ነው፤ የጣሊያን ጦር ደጃፍ ላይ ቆሞ ሳለ፣ በመኮንን ሀብተወልድ አስተባባሪነት፣ ሕዝቡን በንግግርና በዘፈን ለመቀስቀስ። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ሕንፃ ደግሞ ጣሊያኖች ለሲኒማ ብለው ጀምረውት ከሄዱ በኋላ ተጠናቆ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የኢዮቤልዩ በዓል ተከፈተ፤ የመክፈቻው ሥራም የቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ነው ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጣው ጭፈራ መድረክ የለመደው። ከዚያ ደርግ መጣና ቀበሌው፣ ከፍተኛው፣ አውራጃው ሁሉ ኪነት አቋቋመ። የጎንደር ፋሲለደስ፣ የጎጃም ግሽ ዓባይ፣ የወሎ ላሊበላ ከዚያ ዘመን የቀሩ ስሞች ናቸው። በ1980 ዓ.ም. ገደማ «ሕዝብ ለሕዝብ» አውሮፓና አሜሪካ ሲዞር፣ ዛሬ በየሆቴሉ የምናየው ቅደም ተከተል መልኩን ይዞ ነበር። እንግዲህ ይሄ «ጥንት» የምንለው ነገር ከእናቶቻችን ዕድሜ ብዙም አይርቅም።

አሁን ወደ ጣሊያን ልውሰዳችሁ። ወረራውን ማለቴ አይደለም፤ ከዚያ ሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ ወደ ኋላ።

እ.ኤ.አ. በ1589 ፍሎረንስ ላይ የሜዲቺው ፈርዲናንዶ የሎሬይኗን ክርስቲንን አገባ። ለሰርጉ አንድ ኮሜዲ ታየ፤ በገቢሮቹ መካከልና ዳር ዳር ላይ ደግሞ ስድስት የሙዚቃና የትዕይንት ጨዋታዎች ገቡ። የመጨረሻው ሲያልቅ ትልቅ ጭፈራ ነበር፤ አማልክት ወደ ምድር ወርደው ከሰው ጋር የሚጨፍሩበት። የሠራው ኤሚሊዮ ዴ ካቫሊየሪ ነው። ልብ በሉ፤ ዜማውንም እርምጃውንም እሱ ነው ያወጣው። ግጥሙን የጻፈችው ላውራ ጉዊዲቾኒ የምትባል ባለቅኔ ስትሆን፣ የጻፈችው ጭፈራውና ዜማው ካለቀ በኋላ በላዩ ላይ ነው። እግር ቀደመ፤ ቃል ተከተለ። በትልቁ መዘምራን መካከል እየገቡ ሦስት ሴቶች ይዘፍናሉ፣ ይጨፍራሉ፣ መሣሪያም ራሳቸው ይመታሉ። ምቱ ከሁለት ወደ ሦስት ይገለበጣል፤ ዜማው ያው ሆኖ እግሩ ይለወጣል። አቦምሳ ሰርግ ላይ ከበሮው ሲፈጥን የሚሆነውን የሚያውቅ ሰው ይሄን ለመረዳት ፕሮፌሰር አያስፈልገውም።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1591፣ ሙዚቃው ታተመ። ከሙዚቃው ጋር ደግሞ የጭፈራው እርምጃ፣ ጨፋሪዎቹ መጀመሪያ የት የት እንደሚቆሙ የሚያሳይ ሥዕል ሳይቀር ታተመ። ዜማው ከቤተ መንግሥት አመለጠ። ከመቶ በላይ ሥራዎች ተሠሩበት፤ በጊታር ተመታ፣ በኦርጋን ተመታ፣ ቅዳሴ ውስጥ ገባ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያሳዝነው፣ የሚያስቀናውም። በዚያው ከተማ፣ በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ኦፔራ ተወለደ። የመጀመሪያው ኦፔራ የሚባለው «ዳፍኔ» በ1598 ታየ፤ ያኮፖ ፔሪ ከያኮፖ ኮርሲ ጋር ሠሩት። ግጥሙ አለ። ሙዚቃው ከጥቂት ቁርጥራጮች በቀር የለም። ራሱ ካቫሊየሪ ከዚያ ቀደም ብሎ በዚያችው በላውራ ግጥም ሦስት የእረኞች ጨዋታዎች ሠርቶ ነበር፤ አንዱ በድብብቆሽ ጨዋታ ላይ የተመሠረተ ነው፣ ዓይኗን የታሰረች ሴት ሌሎቹን የምትፈልግበት። ሦስቱም ጠፍተዋል። በ1608 ማንቱዋ ላይ ሞንቴቬርዲ «አሪያና»ን አቀረበ፤ ከዚያ ሁሉ የተረፈው አንድ ሙሾ ብቻ ነው። ሙሾዋ የተረፈችው ሰው ወደ ቤቱ ይዟት ስለሄደ ነው።

ታዲያ የጠፉትን የካቫሊየሪ ጨዋታዎች ቅርፅ የሚገምት ተመራማሪ ምን ይዞ ነው የሚገምተው? ዋናው ማስረጃው ያቺ የ1589 ጭፈራ ናት። ከእርምጃዋ ተነስቶ ሰውየው መድረክ እንዴት እንደሚሞላ፣ መዘምራኑን መቼ እንደሚያስቆም፣ ቃል እግርን እንዴት እንደሚከተል ያያል። ከጎኗ ደግሞ የጭፈራ መምህራኑ መጻሕፍት አሉ። ፋብሪትዮ ካሮዞ በ1581 ቬኒስ ላይ «ባለጭፈራው» የሚል መጽሐፍ አሳተመ። በእያንዳንዱ ጭፈራ ግራ እግር የት እንደሚሄድ፣ ሴቲቱ መቼ እንደምትዞር ጽፎ፣ ሙዚቃውን ከሥሩ አስቀመጠ። ከእሱ በፊት በመቶ ሃያ ዓመት ገደማ ጉሊየልሞ የሚባል አይሁዳዊ የጭፈራ መምህር ሙሉ ድርሳን ጽፏል፤ መምህሬ ዶሜኒኮ ነው ብሎ ስሙን አስቀምጦ። የሀብታም አሽከሮች ነበሩ፤ እውነት ነው። ግን ስማቸው አለ። ድራማው ሲጠፋ ጭፈራው መሰከረለት፤ ጭፈራውን የጻፈው ሰው ስለነበረ።

የእኛ ጉዳይ ግልባጩ ነው። ጭፈራው በሽ ነው። ከየትኛው ድራማ እንደወጣ የሚነግረን ግን የለም።

አባባሌ የተጋነነ ለመሰለው ሰው የቤቴን ምሳሌ ላቅርብ። አዳዳ እያልኩ የምጠራት አክስቴ በልጅነቷ በደርግ ጊዜ ኪነት ውስጥ ነበረች፤ አቦምሳ የአርባ ጉጉ አውራጃ ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን። የየካቲት 25ቱ የ1967 የመሬት አዋጅ ላይ የተሠራ ሙዚቃዊ ድራማ ነበራቸው። ድራማው ውስጥ ጭሰኛው ምርቱን አካፍሎ ባዶ ጆንያ ይዞ የሚመለስበት ቦታ አለ። እዚያ ጋ ሴቶቹ የሚጨፍሩት የአርሲ ጭፈራ ነው፤ ግን አንድ ነገር ተለውጦበታል። አንገቱ ሦስት ጊዜ ይወረወርና አራተኛው ላይ ይቆማል። ከበሮው ይቀጥላል፣ አንገቱ ይቆማል። ባዶው ጆንያ ማለት ያ ነው፤ የቀረችው አራተኛ። ይሄን ያወጣችው ከእነሱ መካከል አንዲት ሴት ናት እንጂ ከአያት የመጣ አይደለም። በ1983 ሥርዓቱ ሲወድቅ ቡድኑ ተበተነ፤ ድራማው የተጻፈበት ደብተር የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ያቺ የቆመች አራተኛ ግን ሰርግ ላይ ቀረች። ዛሬ ልጆቹ ይሠሯታል። «ለምንድን ነው የምትቆሙት?» ብላችሁ ጠይቁ፤ «ባህሉ ነዋ!» ይሏችኋል።

የፖለቲካ ፕሮፓጋንዳ ነበር፣ ቢጠፋስ? የሚል አይጠፋም። የሜዲቺው ሰርግ ምን ነበር ታዲያ? የመስፍኑን ሀብት ለአውሮፓ ለማሳየት የተደገሰ ፕሮፓጋንዳ ነው፤ ከነአማልክቱ። ለማን ተሠራ የሚለው አንድ ጥያቄ ነው፤ እንዴት ተሠራ የሚለው ሌላ ነው። ሁለተኛውን ለመጠየቅ መጀመሪያ ነገሩ መኖር አለበት።

ከዚህ በላይ የሚያናድደኝ መከራከሪያ ግን ሌላ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከሚወዱት ሰዎች አፍ ነው የሚወጣው። «የእኛ ጭፈራ ሕያው ነው፣ አይጻፍም፣ በደም ነው የሚተላለፍ፤ መጻፍ የፈረንጅ ነገር ነው» ይላሉ። በደም! በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የሚባሉ ሊቃውንት ከግዕዙ ቃል በላይ የሚቀመጥ የዜማ ምልክት አበጁ። የካሮዞ መጽሐፍ ገና አልታተመም። እስከ ዛሬ የድጓ ተማሪ በዚያ ምልክት ይማራል። እንቅስቃሴውስ? አቋቋም ምንድን ነው? መቋሚያው ወዴት እንደሚዘነብል፣ ጽናጽሉ መቼ እንደሚወድቅ፣ ከበሮው የት እንደሚገባ፣ ዝማሜው እንዴት ወደ ወረብ እንደሚሸጋገር ዓመታት የሚፈጅ ትምህርት ነው። ላይ ቤት፣ ታች ቤት ብሎ ስልት የሚለይ፣ መምህሩ ከማን እንደተቀበለ የሚቆጥር ትምህርት። አንድ የአቋቋም ተማሪ «ይሄን ማን አስተማረህ?» ቢባል «ባህሉ ነው» ብሎ አይመልስም፤ የመምህሩን ስም ከነደብሩ ይነግራችኋል።

መጻፍ አቅቶን ሳይሆን ንቀን ነው ያልጻፍነው። የቤተ ክህነቱ ሰው መምህር ነው፤ የሰርግ ቤቱ ሰው «ጨፋሪ» ነው፣ «አዝማሪ» ነው፤ ልጄን አልሰጥም የሚባልለት። ስድቡን ለዘመናት ስንሰድብ ኖረን፣ አሁን ባህል ሲሸጥ «የሕዝብ ነው፣ ባለቤት የለውም» እንላለን። ንቀቱ ልብስ ቀይሮ አድናቆት ሆነ። ቴአትሩም አላመለጠም። የዮፍታሔ ንጉሤን ሥራዎች አስቡ፤ «አፋጀሽኝ»ን የመሰለ የመዝሙርና የቅኔ ሰው ሥራ። ስለ እሱ ስናወራ የምናወራው ስለ ቃሉ ነው። ዘማሪዎቹ መድረክ ላይ በምን እግር ቆሙ፣ መቼ ዞሩ የሚለውን ማንም አይጠይቅም፤ ቃል ጨዋ ነው፣ እግር ባለጌ ነው ብለን ስለምናስብ።

የጠየቁ ነበሩ፤ ግን ከሩቅ የመጡ። እ.ኤ.አ. በ1965 ባሊንት ሻሮሺና ጆርጅ ማርቲን የተባሉ የሃንጋሪ ተመራማሪዎች መጥተው ጭፈራ በፊልም፣ ዘፈን በቴፕ ቀርጸው ወደ ቡዳፔስት ተመለሱ። ሌላው ሃንጋሪያዊ ቲቦር ቫዳሺ ደግሞ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ስለ ሕዝብ ጭፈራችን በተከታታይ ጻፈ፤ ትግሬውን፣ ጉራጌውን፣ ወሎውን፣ ኦሮሞውን እያለ። እግዜር ይስጣቸው። ግን የስልሳ ዓመት ጭፈራን ማየት የፈለገ የአዳማ ልጅ ቡዳፔስትን ደጅ ይጥና?

ነገሩ የስሜት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ገንዘብም አለበት። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለመድረክ የሚሠራ ውዝዋዜን እንደ ድራማና እንደ ሙዚቃ ሁሉ የፈጠራ ሥራ ብሎ ይቆጥራል። ግን ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ወጥ መሆን አለበት፤ ደግሞ የተጻፈ፣ የተቀረጸ ወይም በሆነ መንገድ ግዙፍነት ያገኘ መሆን አለበት። ስለዚህ «የኛ ጭፈራ አይጻፍም» ብላችሁ ስታደንቁ፣ ሕጉ ደግሞ ያልተጻፈና ያልተቀረጸ ሥራ ባለቤቱን አልጠብቅለትም ይላል። በመሀል ማን ተጎዳ? የአንድ ክሊፕ መግለጫ ክፈቱና አንብቡ። ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ፣ ካሜራ እገሌ፣ መብራት እገሌ፣ ሜካፕ ሳይቀር እገሊት። ውዝዋዜውን ያወጣው ሰው ስም ስንት ጊዜ አገኛችሁ? ክሊፑን ደጋግመው የሚያዩት ግን በእሱ ነው፤ ቲክቶክ ላይ የሚቀዳውም ግጥሙ ሳይሆን ትከሻው ነው።

አንድ የምቀበለው ተቃውሞ አለ፤ ከባድ ስለሆነ አልዘለውም። የአንዱን አሠልጣኝ ስም ከጻፍን የአርሲን ሴቶች ሥራ ለአንድ ግለሰብ አስረከብን ማለት ነው የሚል። ልክ ነው፤ ሊሆን ይችላል። ግን አሁን ያለው ነገር ለአርሲ ሴቶች ምን አስቀረላቸው? ሲንቄን ተመልከቱ። ሲንቄ ልጅቱ ስታገባ እናቷ የምትሰጣት በትር ነው፤ የመብቷ ምልክት ነው፤ ሴቶች ተበድለናል ሲሉ ይዘውት የሚወጡት። መድረክ ላይ ምን ሆነ? የእጅ ማሳመሪያ። ሁሉም እኩል ተቀብቶ፣ ሁሉም እኩል ተቆርጦ፣ ለዜማው ወደ ላይ ወደ ታች። «የሕዝብ ነው» የሚለው ቃል ሲንቄን አላዳነውም። እንዲያውም ማን መቼ ከእናት እጅ አውጥቶ መድረክ ላይ እንዳወጣው ብናውቅ፣ ከዚያ በፊት ምን እንደነበረ መጠየቅ እንችል ነበር። ሁለቱንም መጻፍ ይቻላል፦ ይሄ ከመርቲ የሰርግ ጭፈራ ነው፤ ይሄን ደግሞ እገሊት ለመድረክ እንዲህ ለወጠችው። ካቫሊየሪም ጭፈራን ከባዶ አልፈጠረም፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን እርምጃ ነው ያቀናበረው።

«ኦፔራ እኛ ጋ ምን ይሠራል?» የምትሉ ካላችሁ፣ ሙላቱ አስታጥቄ ሃርቫርድ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ2008 ከ«ያሬድ ኦፔራ» ከፊሉን አስደምጧል። የእኔ ጥያቄ ግን ከኦፔራ ቤት በጣም ያነሰ ነው። ስልክ አላችሁ። ስትቀርጹ ፊት ብቻ እየቀረጻችሁ እግሩን ትቆርጣላችሁ፤ ካሜራውን ራቅ አድርጉት፣ እግር ይግባ። አንድ ጊዜ ከፊት፣ አንድ ጊዜ ከኋላ፣ ከተቻለ ከፎቅ ወይም ከደረጃ ላይ፤ ክቡ ከላይ ነው የሚታየው። አንዴ ደግሞ ያለ ሙዚቃ፣ በዝግታ፣ እየቆጠረች ትሥራው። ከበሮውን ለብቻው ቅዱ። ከዚያ ቪዲዮው ላይ ራሷ ስሟን፣ ቀበሌዋን፣ ከማን እንደተማረችና ለምን ሥራ እንደተሠራ ትናገር። ኪነት ውስጥ ያለፉት ሰዎች ዛሬ ስልሳውን አልፈዋል፤ የአዳዳ ጉልበት ከአምናው ብሷል፣ አንገቷ ግን አሁንም አራተኛው ላይ ይቆማል። ነገ «ባህላዊ ጭፈራ» የሚል ብቻ የተጻፈበት ቪዲዮ ስታዩ ልብ ከማስቀመጣችሁ በፊት ከሥሩ አንድ ጥያቄ ጻፉበት፦ ማን አስተማረሽ?